መርዶ ሳልሰማ ያለቀስኩት ለቅሶ

አቶ ጌታሁን የደወሉልኝ ረፋዱ ላይ ነው። ሱቄ ውስጥ ብርድ ልብስ እያጠፍኩ ነበር። ሱቅ ልበለው እንጂ ከወረርሽኙ ወዲህ ጄፒ በሚባለው የአበሻ ሰፈር ያለን ነጋዴዎች ሁሉ በራችንን ገርበብ አድርገን ቁጭ ማለት ነው ሥራችን፤ ገዢም ይፈራል፣ ሻጭም ይፈራል። የሰኔ ብርድ ነበር። ጆሃንስበርግ ላይ ሰኔ ማለት ዝናብ የሌለበት፣ ከንፈር የሚሰነጥቅ፣ ከየሰፈሩ የከሰል ጭስ እየለቀመ የሚመጣ ደረቅ ክረምት ነው። ይህን ያህል ዘመን ኖሬበትም ሰኔ ሲባል ጆሮዬ የዝናብ ድምፅ ይጠብቃል።

"ፀዳለ፣ ብቻሽን ነሽ?" አሉኝ።

አበሻ በስልክ እንዲህ ብሎ ሲጠይቅ ቀጥሎ የሚመጣውን ታውቁታላችሁ። ተቀመጥኩ።

የሞተው ኤርሚያስ ነበር። ኤርሚያስና ታናሽ ወንድሙ ታሪኩ የሆሳዕና ልጆች ናቸው። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ኦሬንጅ ፋርም በሚባል ሰፈር አንዲት ስፓዛ አለቻቸው፤ በብረት ፍርግርግ ውስጥ ሆነው ዳቦ፣ ዘይትና የስልክ ካርድ የሚሸጡባት ትንሽ ሱቅ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለቱም ታመሙ። ታላቅየው ትንፋሽ አጥሮት ሆስፒታል ገባ። ታናሽየው ትንሽ ሲሻለው ለሆስፒታሉ ልቅረብ ብሎ እኔ የምኖርበት ፎቅ ላይ፣ ከክፍሌ አጠገብ ያለችውን ክፍል ተከራየ። መቅረቡ ግን ምንም አልጠቀመው፤ ጠያቂ አይገባም። ቀኑን ሙሉ ሲደውል ይውላል፤ የሚያነሳው ያጣና ይጠብቁ የሚለውን የስልክ ሙዚቃ ሲሰማ ይውላል። ግድግዳው ስስ ስለሆነ እኔም ሙዚቃውን አብሬው ሸምድጄዋለሁ።

ሆስፒታሉ መሞቱን የነገረው በተጠሪነት ለተመዘገበው፣ ጀርሚስተን ከተማ ላለው የአጎታቸው ልጅ ነበር። እሱ ለአቶ ጌታሁን ነገራቸው። አቶ ጌታሁን እዚህ ከተማ ያለ አበሻ ሲያገባም ሲቀበርም ፊት የሚቆሙ ሽማግሌ ናቸው።

"ለታሪኩ እንዳትነግሪው። ተሰብስበን ነው የምናረዳው" አሉኝ። "መሰብሰቡ ክልክል ቢሆንም እሑድ ሦስት አራት ሰው ሆነን እንመጣለን።"

"ቀብሩስ?"

"ነገ ነው። ሆስፒታሉ አያቆየውም። የአጎቱ ልጅ ይቀብረዋል። ታሪኩን ሳሉ እንኳ አልለቀቀውም፤ ወንድሙን በላስቲክ ተጠቅልሎ አይቶ እዚያው ቢወድቅብን ምን ልናደርግ ነው? እስከ እሑድ አንቺ አደራ። ስልኩን እንደ ምንም ብለሽ ያዢበት። ይዘሽው ዙሪ፣ አየር ይቀበል።"

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብርድ ልብሱን ጭኔ ላይ እንዳደረግኩ ቀረሁ። እኔንም በወጣትነቴ እንዲሁ ይዘውኝ ዞረዋል። ያውም በመርከብ።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ካይሮ ውስጥ ማዳም ናዲያ በሚባሉ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ቤት እሠራለሁ። ባለቤታቸው የሞቱባቸው ክርስቲያን ናቸው፤ ቁጡ ናቸው፣ ቁጣቸው ግን ሻይ እስኪፈላ ነው። እዚያ ቤት ያስገባችኝ የአክስቴ ልጅ አስናቀች ነበረች። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ ነው የምላት። ካይሮ ብዙ ኖራለች፤ አዲስ የመጣች አበሻ ሁሉ መጀመሪያ የምታርፈው እሷ ቤት ነው። ሁላችንም የሰው ቤት ስለምንሠራ የምንገናኘው እሑድ እሑድ ብቻ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን በኋላ የአስናቀች አንድ ክፍል ውስጥ ተጨናንቀን፣ ስለየአሠሪዎቻችን እየተቀደድን ስንስቅ እንውላለን።

እናቴ ደጀን ነበረች፣ የዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ። ስልክ ያለው ጎረቤት ቤት ስለሆነ በወር አንድ ጊዜ በቀጠሮ እደውላለሁ፤ ሰው ሮጦ ይጠራታል፣ እያለከለከች ትመጣለች። የምትጠይቀኝ ሁለት ነገር ነው። መጀመሪያ "ትበያለሽ ወይ?" ትለኛለች። ከዚያ ስለ ዓባይ። ዕድሜዋን ሙሉ ወንዙን ከአፋፍ ሆና ቁልቁል ስታየው የኖረች ሴት ናት፤ ካገር የወጣ ዘመድ አድርጋ ነው የምታስበው። "እዚያ ሲደርስ እንዴት ይሆናል? እንደኛው ድፍርስ ነው? እስቲ ሄደሽ ንኪውና ንገሪኝ" ትላለች። እኔ ደግሞ ካይሮ ላይ ከታክሲ መስኮት በቀር ቀርቤ አይቼው አላውቅም ነበር።

በጥር ማዳም ናዲያ ከልጃቸው ቤተሰብ ጋር ከአስዋን እስከ ሉክሶር በመርከብ ሊጓዙ ተዘጋጁ። መርከቡ በየወደቡ እየቆመ፣ አስጎብኚ እየመራ፣ የጥንቱን ቤተ መቅደስና መቃብር የሚያሳይ ጉዞ ነው። እኔ ቤት ልጠብቅ ነበር። ሊሄዱ ሲሉ ማድ ቤት ገቡና "ልብስሽን አዘጋጂ፤ አንቺም ትሄጃለሽ" አሉኝ።

"ልጆቹን እንድጠብቅ ነው?"

"ልጆቹ እናት አላቸው" አሉና ፊታቸውን አዙረው ወጡ።

ለአስናቀች ስደውልላት የጠበቅኩትን ያህል አልተገረመችም። "ደግ አደረጉ። ሂጂ፣ ጥሩ ጥሩውን ብዪ" አለችኝ። ድምፅዋ ጉንፋን የያዘው ይመስላል። ካይሮ በጥር ይበርዳል፤ ዝንጅብል አፍልተሽ ጠጪ አልኳት።

አስዋን በባቡር ሄድን። መርከቡ ነጭ ነው፣ ባለ ሦስት ፎቅ፤ ላዩ ላይ ወንበር ተደርድሮበታል። ገና ሳንነሣ መሸጋገሪያው ላይ ተንበርክኬ እጄን ውሃው ውስጥ ከተትኩ። እማ፣ ቀዝቃዛ ነው አልኩ በልቤ። አስጎብኚያችን ሐሰን የሚባል ቀጭን ሰው ነበር፤ ዘንግ ላይ ቀይ መሐረብ አስሮ ከፍ ያደርጋል፣ እኛ እንደ በግ እንከተለዋለን። ውሃው ለምን እንደጠራ ብጠይቀው፣ ከአገራችሁ የሚመጣው አፈር ላይኛው ግድብ ውስጥ ይቀራል፣ ወደዚህ የሚያልፈው ውሃው ብቻ ነው አለኝ። ይህንንም ለእናቴ ያዝኩላት።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ሁሉ ያየሁት ለእሷ ለመንገር ነው። ደሴት ላይ ባለ አንድ ቤተ መቅደስ፣ በጣዖቶቹ ሥዕል መካከል የጥንት ክርስቲያኖች የቀረጹት መስቀል አለ፤ በእናቴ ፈንታ ተሳለምኩት። ሌላው ጋ እንደ ሰው የተገነዙ አዞዎች አሉ፤ ይህን ስነግራት ምን እንደምትል ቀድሜ ሰምቼ ብቻዬን ሳቅኩ። ግድግዳ ላይ የተቀረጸው የነገሥታቱ ጦርነት ቶሎ ይሰለቸኝ ነበር። ደስ የሚለኝ ሊጥ የሚያቦኩት፣ ዝይ የሚያጎርሱት፣ ጠላ የሚመስል ነገር የሚጠምቁት ሰዎች ናቸው።

የአገዳ አጨዳ ወቅት ነበር። ከዳርና ከዳር የሸንኮራ እርሻ፣ አህያ፣ የጭነት ጋሪ፤ ከወንዙ ጋር አብሮን የሚጓዝ የተቃጠለ ስኳር ሽታ። ቁርስ ላይ ፉል፣ ትኩስ ዳቦ፣ እንቁላል ይቀርባል። ካይሮ እኔ የምበላው ሁሉም ከበሉ በኋላ ነው። እዚህ ግን ማዳም ከጎናቸው አስቀምጠው ሳህኔን እየሞሉ "ብዪ፣ ባዶ ሆድሽን አትሁኚ" ይላሉ። ሳህን ላነሣ ስል እጄን ይይዙኛል። ነፋሱ ሲበረታ የራሳቸውን የሱፍ ሻርፕ አለበሱኝ። አንድም ቀን አልተቆጡኝም፤ ይህ ብቻውን ሊያስጠረጥረኝ ይገባ ነበር። ግን በሃያ ሁለት ዓመት ሰው የሚደረግለት ደግነት ሁሉ የሚገባው ይመስለዋል። ሥራዬን አይተው ነው ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

አንድ ከተማ ላይ ስንቆም የእናቴ የስልክ ቀጠሮ ቀን ነበር። ማዳምን አስፈቀድኳቸው። ቆይ ብለውኝ ራሳቸው ወረዱና ተመልሰው "መስመሩ ተበላሽቷል ይላሉ" አሉኝ። በጣም ነው ያዘንኩት። እናቴ ጎረቤት ቤት ደጃፍ ላይ ስትጠብቅ መዋሏ ነው ብዬ ምሳ እንኳ በቅጡ አልወረደልኝም። ማዳም ያን ዕለት ብዪ አላሉኝም፤ እሳቸውም አልበሉም።

መጨረሻ ላይ ሉክሶር ደረስን። ሐሰን ከወንዙ ማዶ ወዳሉት መቃብሮች ወሰደን። ከነገሥታቱ በኋላ ወደ አንድ ሹም መቃብር አስገባን፤ ነገሥታቱ ግድግዳቸው ላይ አማልክት አሣሉ፣ ሹማምንቱ ግን ሰው ነው ያሣሉት አለ። እውነቱን ነው። አንዱ ግድግዳ ላይ የቀብር ሥነ ሥርዓት አለ። ዕቃ የተሸከሙ ወንዶች ይሄዳሉ፤ መሐላቸው ስስ ነጭ የለበሱ ሴቶች ወደ ሬሳው ዞረው፣ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው፣ እንባቸው ጉንጫቸው ላይ በነጠብጣብ ተሥሎ ያለቅሳሉ።

"ከእነዚህ ውስጥ ለማልቀስ የሚጠሩ ሴቶች ነበሩ" አለ ሐሰን።

"ይሄማ የኛ አገር ለቅሶ ነው" አልኩ። አፌን መቼ እንደከፈትኩ አላውቅም።

ከኛ ጋር የነበሩት ሌሎቹ ጎብኚዎች ዞሩ። ሐሰንም ደስ አለው፤ እስቲ አሳዪን አለኝ። እናቴ እኮ ደጀን ላይ የታወቀች አልቃሽ ናት አልኳቸው። ሰው ሲሞት ከሩቅ ቀበሌ ሳይቀር መጥተው ይወስዷታል፤ ገና አፏን ስትከፍት ወንዱ ሳይቀር ይንሰቀሰቃል። የማዳምን ሻርፕ ወገቤ ላይ ሸብ አደረግኩ። እጄን እንደ ሥዕሎቹ ሴቶች አነሣሁ። ደረቴን መታሁ፣ ወገቤን ይዤ ተወዛወዝኩ፣ ድምፄን አውጥቼ አለቀስኩ። ግጥሙ እናቴ ለወንድሟ ያወረደችው ነበር፤ ሳትሰናበተኝ ለምን ሄድክ የሚለው። ድምፅዋንም ነበር የቀዳሁት፤ መጨረሻው ላይ የምትሰብረውን ስብራት ሳይቀር። ጠባቡ ዋሻ ድምፄን እያጎላ መለሰልኝ። ሰዎቹ አጨበጨቡ፤ እኔም እየሳቅኩ እጅ ነሣሁ።

ሐሰን ግን አላጨበጨበም፤ ማዳምን እያየ ነበር። ማዳም ግድግዳውን ተደግፈዋል። ከዚያ ሰውን እየገፉ ወጡ። ተከትያቸው ስወጣ ፀሐይ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሲያለቅሱ አገኘኋቸው። ባላቸው ትዝ ብሏቸው ነው ብዬ አዘንኩላቸው። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ "እግዜር ያጽናዎት" አልኳቸው። እጄን ይዘው ሳሙኝ። እኔ አጽናናኋቸው፤ እሳቸው እኔን።

ካይሮ በተመለስን ማግስት እሑድ ነበር። የማወራው በዝቶብኝ በማለዳ ተነሥቼ ለባብሼ ነበር። በሩ ተንኳኳ፤ አስናቀች ናት። ከኋላዋ አንድ ካህን፣ ከካህኑ ኋላ ደግሞ ሴቶቹ ሁሉ ነጠላቸውን ለብሰው ደረጃው ላይ ቆመዋል። አስናቀች በእኔ ትከሻ አሳልፋ ማዳምን በዐረብኛ "ቁርስ በልታለች?" አለቻቸው። ያን ጊዜ ገባኝ። ካህኑ የተናገሩትን ቃል አልሰማሁትም፤ ወለሉ ላይ ነበርኩ፣ ብዙ እጅ ይዞኝ ነበር።

እናቴ የሞተችው ባቡር ላይ ሳንሳፈር ነው። አስናቀች ቀድማ ሰምታ፣ ሁላችንም የምንገናኝበት እሑድ እስኪደርስና እኔም ከሌላ ሰው እንዳልሰማ ብላ፣ ማዳምን እባክዎ ይዘዋት ይሂዱ ብላ ለምናቸዋለች። በኋላ ቀኖቹን እየመለስኩ አሰብኳቸው። እማ፣ ውሃው ቀዝቃዛ ነው ስላት አፈር ውስጥ ነበረች። የስልክ ቀጠሮውን የጠበቀ ማንም አልነበረም። መቃብሩ ውስጥ ያለቀስኩት የእሷን ለቅሶ ነበር፤ ትክክለኛውን ለቅሶ፣ በራሷ ድምፅ፣ ለጭብጨባ። በወለሉ ላይ የወደቅኩ ዕለት አንድም ግጥም አልወጣኝም። ማልቀስ የማውቀውን ያህል እዚያ ጨርሼው መጥቻለሁ።

ሲቆይ አስናቀችን ተናገርኳት። "የእናቴን ለቅሶ የፈረንጅ መዝናኛ አስደረግሽኝ እኮ፣ እትዬ።"

"ብነግርሽስ ምን ታደርጊ ነበር?" አለችኝ። "ቀብሩ አልፏል። ፓስፖርትሽ በእጅሽ የለም። ሰባተኛ ፎቅ ላይ፣ አንድ ወገን ሳይኖር ሰምተሽ በመስኮቱ ብትሄጂስ? ብቻሽን እንዳትሰሚ ነው። ሌላ ምን አለኝ እኔ?"

የተናገረችው ሁሉ ልክ ነበር። ቢሆንም ለብዙ ዓመት ይቅር አላልኳትም። ከእናቴ ሞት ውስጥ እኔ የማልደርስበት፣ ሌሎች የገቡበት ክፍል ያለ ይመስለኝ ነበር፤ ሁሉም ያውቃሉ፣ እኔ ፉል እበላለሁ።

አቶ ጌታሁን ይዘሽው ዙሪ ሲሉኝ የታየኝ ይሄ ነው። ሱቁን ዘግቼ ወደምኖርበት ፎቅ ሄድኩ። መብራት ስለጠፋ ሊፍቱ ቆሟል፤ በደረጃ ወጣሁ። ወንድሙን የመቅበር ዕድል የእሱ ነው፣ ማንም ሊወስድበት አይገባም፤ ይህን ለራሴ እየደጋገምኩ ነው የወጣሁት።

ታሪኩ ማስክ አድርጎ ከፈተልኝ። ስልኩ አልጋው ላይ ያንን ሙዚቃ ያሰማል። "ይግቡ እትዬ" ብሎ ያለውን አንድ ወንበር አመቻቸልኝ። አልተቀመጥኩም።

"በልተሃል?" አልኩት። ሳላስበው ወጣኝ።

"ሻይ ጠጥቻለሁ። ዛሬም አላነሱም።"

"ታሪኩ፣ ኤርሚያስ ዛሬ ጠዋት አርፏል። ቀብሩ ነገ ነው። ትሄዳለህ፣ እኔ እወስድሃለሁ።"

አየኝ። ከዚያ ከኔ ኋላ፣ በተከፈተው በር አልፎ ኮሪደሩን አየ። አንገቱን ዘንበል አድርጎ ደረጃውን ጭምር አየ።

"ሌሎቹስ?" አለኝ። "ሰው የለም እንዴ?"

ሰው አልነበረም። እኔ ብቻ ነበርኩ፣ ማስክ ያደረግኩ፣ ከበሩ ሁለት እርምጃ የራቅኩ አሮጊት። ልነግረው ስወስን ይህን አላሰብኩትም ነበር። እኔ በወደቅኩ ጊዜ የያዙኝን እጆች ረስቼ የተሰረቁትን ቀናት ብቻ ነበር ያስታወስኩት። ልጁ ሳሉ ተነሣበት፤ ሳሉና ለቅሶው ተቀላቀሉበት፣ ትንፋሽ አጠረው፣ ግድግዳውን ይዞ ቁልቁል ተንሸራተተ። ክልከላውን ትቼ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አቀፍኩት። አንድ ሰው የሚይዘው ትንሽ ነው። እጁን ስይዘው ራሱን ይመታል፣ ራሱን ስይዘው ደረቱን።

በማግስቱ ቀበርነው። ከራስ ቅል እስከ እግር ጥፍር ነጭ የለበሱ ሰዎች ሳጥኑን በላስቲክ እንደተጠቀለለ አወረዱት። የአጎቱ ልጅ ስልኩን ከፍ አድርጎ ያዘና የቤተ ክርስቲያናቸው ፓስተር ከሩቅ፣ በስልኩ ጸለዩ፤ ድምፃቸው እየተቆራረጠ ነበር። ታሪኩ አልወደቀም። አፈር በእጁ ዘግኖ ጣለና እጁን ሳይጠርግ ቆመ። አቶ ጌታሁን እሑድ ቢመጡም ለእኔ ሰላምታ አልሰጡኝም። ደግ አደረግሽ ያለኝ የለም፤ ታሪኩም አላለኝም።

አሁን ወደ ኦሬንጅ ፋርም ተመልሶ ሱቁን ከፍቷል። አንዳንዴ ይደውላል። ባለፈው እሑድ ደውሎ ስለ ዳቦ ዋጋ፣ ስለ ብርዱ፣ ኤርሚያስ የት ሄደ እያሉ ስለሚጠይቁት አሮጊት ደንበኞች ሲያወራኝ ቆየ።

"እትዬ፣ እናቴ እኮ እስካሁን አልሰማችም" አለኝ። "በየሳምንቱ ትደውላለች። ደክሞት ተኝቷል እላታለሁ። ዛሬ ድምፁን ካላሰማኸኝ አልዘጋም አለች። ምን ልበላት?"

ይህን ሁሉ ዓመት ለዚህ ጥያቄ መልስ ያለኝ ሰው ነኝ ብዬ ነበር የኖርኩት። እውነቱን ንገራት፣ ቀኗን አትስረቃት፤ ይህን ለማለት አፌን ከፈትኩ።

"አሁን አጠገቧ ማን አለ?" አልኩት።

"ማንም። በሽታውን ፈርቶ ሰው ቤቷ አይመጣም። ብቻዋን ናት።"

"እንግዲያው ዛሬ አትንገራት" አልኩት።

ስልኩን ዘጋሁት። አስናቀች ካረፈች ቆይታለች። ብትኖር ኖሮ ያን ዕለት እደውልላት ነበር።